ስንቅ ያልያዘ ዘር

በግንቦት መጀመሪያ የሚኒሶታዋ ሴንት ፖል አፈር ከውርጭ ሲላቀቅ፣ በጋራ የአትክልት ቦታ ላይ መደብ የያዝን ሁሉ አካፋችንን ይዘን እንወጣለን። ባለፈው ዓመት ከእኔ መደብ ቀጥሎ ጎመን የሚያለሙ አንዲት እናት ትንሽ ከረጢት አንጠልጥለው ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ ሻጩ ለሥር ጥሩ ነው ብሎ ሰጠኝ። ጎመኔ ላይ ልነስንሰው?»

ከረጢቱ ላይ «ማይኮራይዛ» ተብሎ ተጽፏል። ቀጥለው ስልካቸውን አወጡና ለእናቶች ቀን ልጃቸው ያመጣችላቸውን ኦርኪድ አሳዩኝ። ቅጠሏ ጠውልጓል። «የተረፈውን ለዚህች እሰጣታለሁ» አሉ።

«እማማ፣ ለጎመኑም አይሆን፣ ለአበባዋም አይሆን።»

«ታዲያ ምን ሊሆን ይሸጡታል?»

ጥያቄያቸው ልክ ነው። ዱቄቱ የውሸት አይደለም፤ ለቃሪያቸውና ለሽንኩርታቸው ሊጠቅም ይችላል። ችግሩ «ማይኮራይዛ» የሚለው ቃል «መድኃኒት» እንደሚለው ቃል መሆኑ ነው። የራስ ምታት መድኃኒት ሌላ፣ የኮሶ መድኃኒት ሌላ። ማን ከማን ጋር እንደሚኗኗር ሳያውቁ ፈንገስ መነስነስ ለራስ ምታት ኮሶ እንደ መጠጣት ነው። ይህን ከማንም ተክል አጉልቶ የሚያሳየው ደግሞ ኦርኪድ ነው፤ በተለይ ሰው ለመድኃኒት ብሎ ሲነቅለው የኖረው ኦርኪድ።

ፈንገስ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን የዳቦ ሻጋታ፣ ወይም ዝናብ ሲያባራ ብቅ የሚል እንጉዳይ ነው። እርሾም የዚያው ወገን ነው። እንጉዳዩ ግን ፍሬው እንጂ አካሉ አይደለም። ዋናው አካል አፈር ውስጥ የተዘረጋ፣ ዓይን የማይለየው ቀጭን ድር ነው። የተክል ሥር የማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። አብዛኞቹ የምድር ተክሎች ይህን ድር ሥራቸው ውስጥ ያስገቡታል፤ ድሩ ከሩቅ ፎስፎረስና ውሃ ያቀርብላቸዋል፣ እነሱም ከፀሐይ ያበሰሉትን ስኳር ይከፍሉታል። ጀርመናዊው አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ ለዚህ አብሮ መኖር እ.ኤ.አ. በ1885 «ማይኮራይዛ» የሚል ስም አወጣለት፤ በግሪክኛ «የፈንገስ ሥር» እንደ ማለት ነው። ሰውዬው የተነሣው ለሌላ ጉዳይ ነበር። የፕሩሺያ መንግሥት ትራፍል የተባለውን ውድ የምድር ውስጥ እንጉዳይ የሚለማበትን ዘዴ እንዲፈልግለት ጠይቆት ነው ሥር መመርመር የጀመረው።

ጤፍ፣ በቆሎ፣ ባቄላ፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ቡና ወዳጅነታቸው ከአንድ ወገን ፈንገሶች ጋር ነው። የገበያው ከረጢትም በአብዛኛው የሚይዘው እነዚህኑ ነው። ፓይንና ኦክ የሌላ ወገን ወዳጅ አላቸው፤ እሱ የሥራቸውን ጫፍ እንደ ጓንት ይለብሰዋል። ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ሰናፍጭና ጎመን ዘር ግን ከማንም ጋር ውል የላቸውም። ቀይ ሥርና ቆስጣም እንደዚሁ። የጎጃም ግብጦ ደግሞ ከሁሉም የተለየ ኩሩ ነው። ፎስፎረስ ሲያጣ እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ጥቅጥቅ ያሉ ሥሮች ያበቅልና አሲድ እያፈሰሰ ከአፈሩ ላይ ራሱ ያላቅቀዋል፤ በደከመ መሬት ላይ ተዘርቶ የሚያፈራው በዚህ ነው። የግብጦ አረቄ የሚያስኮራውም ከዚሁ ወርሶ ይሆናል።

ኦርኪድስ? እሱን ለማየት ከጤፍ መነሣት ይሻላል። አንዲት የጤፍ ፍሬ ትንሽ ብትሆንም ባዶዋን አልወጣችም፤ ለፅንሷ የሚሆን ዱቄት ቋጥራለች። እንጀራ የምንጋግረው ያንን ስንቅ ነጥቀን ነው። የኦርኪድ ዘር ግን ስንቅ አልተቋጠረለትም። በስስ ቅርፊት የተጠቀለሉ ጥቂት ሕዋሳት ናቸው፤ ነፋስ እንደ አቧራ ይወስዳቸዋል። የአንዲት ጤፍ ክብደት ላይ ለመድረስ መቶ ያህሉን መሰብሰብ ሊያስፈልግ ይችላል። በጥራት ያጣችውን በብዛት ልታካክስ ነው መሰል፣ እናቲቱ ዘሯን በሺህና በመቶ ሺህ ትበትነዋለች። ቻርልስ ዳርዊን በአንዲት የእንግሊዝ ኦርኪድ ፍሬ ውስጥ 6,200 ያህል ዘር ቆጠረ፤ ተክሏ ላይ የነበሩት 30 ፍሬዎች ሲደመሩ ከ186 ሺህ በላይ ሆነ። ሁሉም ቢበቅሉ ከልጅ ልጆቿ በኋላ የሚመጡት ብቻ የምድርን የብስ ሊሸፍኑ ምንም እንደማይቀራቸው አሰላ። ለምን እንዳልሸፈኑ ግን ማንም እንደማያውቅ ጻፈ።

መልሱ የተገኘው በ1899 ነው። ኖኤል በርናርድ የተባለ የ25 ዓመት ፈረንሳዊ በፎንቴንብሎ ጫካ ውስጥ ረግፎ ቅጠል የተጫነው የኦርኪድ ዘንግ አገኘ። ፍሬው ውስጥ የቀሩት ዘሮች እዚያው በቅለዋል። እያንዳንዷን ቡቃያ ከፍቶ በማይክሮስኮፕ ሲያያት በፈንገስ ድር ተሞልታለች። ነገሩን ከዚያ በኋላ አልለቀቀውም፤ ፈንገሱን ከሥር ለይቶ በብርጭቆ አሳደገ፣ ዘር ጨመረበት፣ በቀለለት። በ1911 በ36 ዓመቱ ሞተ። ለኦርኪድ ሳይንስ የተወው ግን ብዙዎች በሁለት ዕድሜ የማይሠሩትን ነው።

እሱ ያየውን ዛሬ ማንም ተማሪ ሊያየው ይችላል። የኦርኪድ ሥር በምላጭ ስስ አድርጎ ሸርፎ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። በየሕዋሱ ውስጥ አንድ አንድ ልቃቂት ተቀምጧል፤ እናቶቻችን ፈትለው የሚጠቀልሉት የድር ልቃቂት እንደማለት ነው። ፈንገሱ ገብቶ፣ ተጠቅልሎ፣ ሕዋሱን ሞልቶታል። ፈረንሳዮቹ ያወጡለት «ፔሎቶን» የሚለው ስምም ትርጉሙ ልቃቂት ነው። ጎን ለጎን ካሉት ሕዋሳት አንዳንዱ ውስጥ ልቃቂቱ ፈርሶ ቡናማ ጉብታ ሆኗል። ይህ ኦርኪዷ የበላችው ነው። ፈንገሱ ሊበላ መጥቶ ተበላ።

ዘሩ ስንቅ ሳይዝ የሚኖረው በዚህ ነው። ከውጭ የመጣው ድር ከበሰበሰ ቅጠልና እንጨት የሰበሰበውን ስኳር ይዞ ይገባል፤ ዘሩ እየተመገበ መጀመሪያ ነጭ፣ ቅጠል የሌለው ትንሽ ጓል ይሆናል፤ ወራት ወይም ዓመታት ምድር ውስጥ ይቆያል፤ ከዚያ ሥርና ቅጠል ያወጣል። ቅጠል ካወጣች በኋላ ብድሯን የምትመልስ ኦርኪድም አለች። በ2006 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ሚኒሶታ ጫካ ውስጥም የምትገኘውን አንዲት ትንሽ ኦርኪድ መርምረው፣ ትልቋ ተክል ለፈንገሱ ስኳር መልሳ እንደምትሰጥ አሳይተዋል። ጨርሶ የማትመልስም አለች፤ እሷን በኋላ እንመለስባታለን።

እዚህ ላይ ዋናው ነገር፣ የኦርኪድ ፈንገሶች የሽንኩርትና የበቆሎ ፈንገሶች ዘመድ አለመሆናቸው ነው። ቱላስኔላ፣ ሴራቶባሲዲየም፣ ሴባሲና በሚባሉ ወገኖች ውስጥ የሚመደቡ፣ ከእንጉዳይ ነገድ የሆኑ ናቸው። ስለዚህ ከረጢቱ ላይ «ግሎመስ» ወይም «ራይዞፋገስ» የሚል ካነበቡ የቃሪያ ወዳጅ ነው፤ ለኦርኪድ ባዕድ ነው።

የጎረቤቴ የእናቶች ቀን ኦርኪድ ደግሞ ፈንገስ አይታም አታውቅም ቢባል ከእውነት አይርቅም። በ1922 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ሉዊስ ነድሰን የኦርኪድ ዘር ያለ ምንም ፈንገስ፣ ስኳር ባለበት ጄሊ ላይ ሊበቅል እንደሚችል አሳየ። ፈንገሱ ያመጣው የነበረውን ስንቅ ሰው ሰጠው ማለት ነው። በየሱፐርማርኬቱ የሚሸጠው ኦርኪድ ሁሉ የዚያ ግኝት ልጅ ነው፤ በብልቃጥ ተወልዶ በማዳበሪያ ያደገ። ሲጠወልግ የሚፈልገው አየር የሚያስገባ ቅርፊትና ለከት ያለው ውሃ ነው። ለእማማ የነገርኳቸውም ይህንኑ ነው፤ ውሃ አብዝተውባት ነበር።

በሰኔ ግን ሌላዋን ኦርኪድ ማየት ይቻላል። ሚኒያፖሊስ ውስጥ በቴዎዶር ዊርዝ ፓርክ ያለው የኤሎይዝ በትለር የዱር አበባ ሥፍራ በ1907 የተመሠረተ ነው፤ በአሜሪካ ካሉት ለሕዝብ ክፍት የዱር አበባ ቦታዎች ከሁሉ የቆየ ነው ይባልለታል። ከከተማው ሕንፃዎች በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው። ረግረጋማው ሥፍራ ላይ ነጭ ቅጠሎቿን እንደ ነጠላ አጣፍታ፣ ከሥር ሮዝ ከረጢት ያንጠለጠለች አበባ ትቆማለች። ከረጢቷ ትንሽ እንቁላል ታክላለች። አሜሪካኖቹ «ሌዲስ ስሊፐር» ይሏታል፤ የእመቤት ነጠላ ጫማ መሆኗ ነው። የሚኒሶታ የግዛት አበባ ሆና የተመረጠችው በ1902 ነው። ከ1925 ጀምሮ ደግሞ መንቀል በሕግ ተከልክሏል። ከዘር ተነሥታ የመጀመሪያ አበባዋን እስክታሳይ እስከ 16 ዓመት ሊፈጅባት ይችላል፤ ከዚያ ከ50 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች። መንገድ ዳር አይቶ በአካፋ ፈንቅሎ ወደ ቤት የሚወስዳት ሰው አንድ ጎረምሳ የሚያድግበትን ዘመን ነው የሚነቅለው፤ አብዛኛውን ጊዜም አትጸድቅለትም።

ስትነቀል የኖረችው ለውበቷ ብቻም አልነበረም። በተለይ ቢጫዋ እህቷ ሥሯ ለመድኃኒት ይፈለግ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን «የነርቭ ሥር» እና «የአሜሪካ ቫለሪያን» እየተባለች ለእንቅልፍ እጦትና ለጭንቀት ትሸጥ ነበር። ከ1863 እስከ 1916 በአሜሪካ የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ ስሟ ሠፍሯል። ዛሬ ሐኪም የሚያዝዘው ነገር አይደለም፤ ግንዷና ቅጠሏ ላይ ያለው ጸጉርም የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ያሳክካል። ስለዚህ ማንም ሰው ሥር ፈልጎ ጫካ እንዲገባ አልመክርም። የታሪኩ ጥቅም ሌላ ነው። ሰው ለሃምሳ ዓመት ያህል ከጫካ እየነቀለ ለፋርማሲ ያቀረበው ተክል፣ ዘሩን መልሶ መዝራት የማይቻል ሆኖ ነበር። ዘሩ አለ፤ ስንቅ የሚያቀብለው አልታወቀም።

አሁን እየታወቀ ነው። የሌዲስ ስሊፐር ወገን በዓለም ዙሪያ ሲመረመር ሥሮቹ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ቱላስኔላ ነው። ከሚኒያፖሊስ ደቡብ ምዕራብ ቻስካ የሚገኘውና በ1958 የተመሠረተው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አርቦሬተም (የዛፎችና የዕፅዋት ሥፍራ) የግዛቱን ኦርኪዶች ዘር ይሰበስባል፣ በቅዝቃዜ ያስቀምጣል፣ ያበቅላል። በሚኒሶታ ወደ 50 የሚጠጉ የኦርኪድ ዓይነቶች አሉ፤ ብዙ ሰው ኦርኪድ የሞቃት አገር ተክል ብቻ ስለሚመስለው ይህን ሲሰማ ይገርመዋል። ከ2012 ወዲህ ደግሞ በስሚዝሶንያን ተቋም የሚመራ የሰሜን አሜሪካ የኦርኪድ ጥበቃ ማዕከል አለ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ዘሩን ብቻ ሳይሆን ፈንገሱንም አብሮ ማስቀመጥ። ፈንገስ የሌለበት የኦርኪድ ዘር ባንክ ቁልፍ የሌለው ጎተራ ነው።

ፈንገሱን የሚይዙበት መንገድ እጅ ያለው ሰው የሚወደው ሥራ ነው። ከሥሩ ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ ይቆርጣሉ፤ ተክሏ እንዳትጎዳ። አፈሩን ያጥባሉ፣ ላዩን ያጸዳሉ። ከዚያ በማይክሮስኮፕ ሥር በቀጭን መርፌ ልቃቂቶቹን አንድ በአንድ ከሕዋሱ ያወጡና ጄሊ ላይ ያኖሩአቸዋል። ሕያው የሆነው ልቃቂት ይፈታል፤ ድሩ በየአቅጣጫው መዘርጋት ይጀምራል። ከዚያ ዘርና ፈንገስን በአንድ ሳህን ያገናኙአቸዋል። ምግቡ አጃ ነው፤ በአንድ ሊትር ጄሊ ውስጥ ጥቂት ግራም የአጃ ዱቄት ብቻ። ለምን ጥቂት? ምግቡ ከበዛ ፈንገሱ ይጠግብና ዘሩን ይወርረዋል፣ ይገድለዋል። ሲርበው ወዳጅ፣ ሲጠግብ ጠላት። ላቦራቶሪ ውስጥ የሚበላሸው ሥራ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

የትኛው ሜዳ ፈንገሱ እንዳለው ለማወቅ ደግሞ ሐነ ራስሙሰንና ዴኒስ ዊገም በ1993 ያስተዋወቁት ዘዴ አለ። ዘሩን እጅግ በጠበበ የናይለን ወንፊት መሐል ያደርጉታል፤ ወንፊቱን በድሮ የፎቶ ስላይድ ክፈፍ ያጣብቁታል፤ እንደ ትንሽ ፖስታ አፈር ውስጥ ይቀብሩታል። ወንፊቱ ዘሩን አያስወጣም፣ የፈንገሱን ድር ግን ያስገባል። ከወራት ወይም ከዓመት በኋላ ፖስታው ተቆፍሮ ይከፈታል። ዘሩ አብጦ ነጭ ጓል ከሆነ ወዳጁ እዚያ አለ፤ እንደተቀበረ ከቀረ የለም። ሁለት ሜዳዎች ለዓይን አንድ ዓይነት ሆነው አንደኛው ላይ ብቻ ሊበቅል ይችላል። የምዕራብ ሚኒሶታን የሣር ሜዳ ኦርኪድ፣ በ1989 በፌዴራል መንግሥት አደጋ ላይ ካሉ ተክሎች ተርታ የገባችውን፣ ለመመለስ የሚደክሙ ሰዎች ጣጣቸው አንዱ ይኸው ነው። ሣሩን ማልማት ይቻላል። የታረሰ አፈር ውስጥ የጠፋን ድር መመለስ ግን ሌላ ሥራ ነው።

ፈንገስን ለመድኃኒት ኦርኪድ ሥራ ላይ ማዋል በትልቁ የተሳካው ቻይና ውስጥ ነው። ቲየንማ የምትባል ኦርኪድ አለች፤ ብድሯን የማትመልሰው እሷ ናት። አረንጓዴ ቅጠል ጨርሶ የላትም። ድንች የመሰለ አካሏ ምድር ውስጥ ይኖራል፤ ለራስ ምታትና ለማዞር ከጥንት ጀምሮ ሲፈለግ ኖሯል። ገበሬዎች ከጫካ አምጥተው ቢተክሏት እየመነመነች ትጠፋባቸው ነበር። በ1911 ጃፓናዊው ኩሳኖ ምክንያቱን ጻፈ፤ የምትኖረው አርሚላሪያ የተባለውን ፈንገስ እየበላች ነው። አርሚላሪያ ደግሞ ዛፍ ገዳይ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ በመኸር ወቅት በደከመ ኦክ ግርጌ ችምችም ብሎ የሚወጣው የማር ቀለም ያለው እንጉዳይ የዚሁ ወገን ነው። አገራችንም አለ፤ በ2004 ዓለሙ ገዛኸኝና ባልደረቦቻቸው የኢትዮጵያን የደን ተከላዎች ሥር የሚያበሰብሰውን ዝርያ ለይተው አሳውቀዋል። ዛፍ የሚጥለውን ፈንገስ አንዲት ድንች የመሰለች ኦርኪድ ቁርስ አድርጋዋለች።

ያም ሆኖ አርሚላሪያ ብቻውን አልበቃም፤ ዘሯ በእሱ ላይ በደንብ አይበቅልም። በ1980ዎቹ ሹ ጂንታንግና ባልደረቦቹ ዘሩን የሚቀሰቅሰው ማይሲና የተባለ፣ በረገፈ ቅጠል ላይ የሚኖር ሌላ ትንሽ እንጉዳይ መሆኑን አገኙ። ስለዚህ ቲየንማ ሞግዚት ትቀይራለች። ሕፃን ሳለች ማይሲና ያጠባታል፣ ስትጎረምስ ወደ አርሚላሪያ ትሄዳለች። ገበሬው ዛሬ ጉድጓድ ቆፍሮ ማይሲና የያዘውን ቅጠል ከዘሩ ጋር ያነጥፋል፣ አጠገቡ አርሚላሪያ የወረሰውን የእንጨት ቁራጭ ይደረድራል፣ አፈር ያለብሰዋል፣ ይጠብቃል። ማዳበሪያም ፀሐይም አያስፈልግም። ከጫካ ብቻ ትመጣ የነበረችው ተክል የእርሻ ሰብል ሆናለች።

ፈንገሱ ተክሉን ከማሳደግ አልፎ መድኃኒትነቱን ሊለውጥ የሚችልበትም ምክንያት አለ። በሥሩ ውስጥ ያለው ወዳጅነት የሰላም ብቻ አይደለም። ተክሉ ፈንገሱ ከተመደበለት ሕዋስ እንዳያልፍ ሁልጊዜ ይጠብቀዋል፤ የሚጠብቀውም በኬሚካል ነው። በ1950ዎቹ በስዊዘርላንድ ኤርንስት ጎይማን አንዳንድ የኦርኪድ ሥሮች ፈንገስ ሲነካቸው ብቻ የሚያመርቱትን ኦርኪኖል የተባለ መከላከያ አጥንቷል። ሰው «መድኃኒት» የሚለው ነገር ብዙ ጊዜ ተክሉ ለራሱ ጥበቃ ያመረተው ነው። ጠባቂው ሥራ ሲበዛበት ምርቱ ይጨምራል። ታይዋን ውስጥ «የወርቅ ክር» በምትባለው የመድኃኒት ኦርኪድ ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ከሥሯ የተለየው ፈንገስ ተመልሶ ሲሰጣት እድገቷም የንጥረ ነገሯም መጠን ጨምሯል። ይህ ግን በማንኛውም ፈንገስ አይሆንም። በኦርኪድ ብቻ ሳይሆን በበሶብላ ላይ እንኳ ሦስት የተለያዩ ፈንገሶች ተሞክረው የሽታ ዘይቱን በደንብ የጨመረው አንዱ ነበር። በኬሚካል መብዛትና በበሽታ መዳን መካከልም ገና ብዙ መንገድ አለ፤ ነጋዴ ይህን መንገድ በአንድ ዝላይ ማለፍ ይወዳል።

አገር ቤትስ? ኢትዮጵያ ከ150 በላይ የኦርኪድ ዓይነቶች አሏት። ሰብስቤ ደምሰው፣ ፊሊፕ ክሪብና ፊን ራስሙሰን በ2004 ያሳተሙት የመስክ መጽሐፍ ብዙዎቹን በሥዕል ያሳያል። በጅማና በከፋ በኩል በቡና ጥላ ዛፎች ላይ ከዛፍ ሽበት ጋር ተጣብቀው የሚኖሩ አሉ፤ በክረምት ከሣር መካከል የሚነሡም አሉ። የሥር ፈንገስ ምርምሩ ግን ጠልቆ የሄደው በዛፍና በቡና ላይ ነው። ለርዕሳችን ቅርብ የሆነው በ2004 ተስፋዬ ውበት፣ ደመል ተክታይና የጀርመን ባልደረቦቻቸው በጥቁር እንጨት ላይ ያወጡት ጥናት ነው። ጥቁር እንጨት ቅርፊቱ አውሮፓ ውስጥ ለፕሮስቴት ሕመም መድኃኒት የሚሠራበት ዛፍ ነው፤ በቅርፊቱ ምክንያት ስለተመናመነ ከ1995 ጀምሮ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ተመራማሪዎቹ ሥሩን በዘረ መል ሲመረምሩ ከዚያ በፊት ከታወቁት ጋር የማይገጥሙ በርካታ ፈንገሶች አገኙ። በችግኝ ጣቢያ የሚሠሩ ሰዎች ወደ ፕላስቲኩ «የጫካ አፈር» ሲቀላቅሉ ሳያውቁት የሚያቀብሉት እነዚህን ነው። ከአሜሪካ በፖስታ የሚላክ ከረጢት ውስጥ የመናገሻን ጥቁር እንጨት ወዳጅ መፈለግ ግን ከንቱ ድካም ነው። እሱ ያለው እናት ዛፏ ሥር ነው።

ወደ ሴንት ፖል መደባችን እንመለስ። ሌዲስ ስሊፐር ጓሮው እንዲኖር የሚፈልግ ሰው በላቦራቶሪ ከዘር ያደገች ችግኝ ሊገዛ ይችላል፤ ሻጩን «ከዘር ነው ወይስ ከጫካ?» ብሎ ጠይቆ፣ መልሱ ከተድበሰበሰ ትቶ መሄድ ነው። ለአትክልት ከረጢት የሚገዛ ደግሞ ስሙንና ቀኑን ያንብብ፤ ፈንገስ ሕያው ነገር ነው፣ መኪና ውስጥ በሐምሌ ሙቀት ከከረመ የቀረው ዱቄት ብቻ ነው። ሲተክሉ ከሥሩ ጋር መነካካት አለበት፤ ላዩ ላይ የተነሰነሰ ብዙ አይሠራም። ፎስፎረስ ከበዛም ተክሉ ለፈንገሱ ስኳር መክፈሉን ይቀንሳል፣ ማን የሌለውን ውለታ ይከፍላል? ማዳበሪያ ከረጢት ላይ ካሉት ሦስት ቁጥሮች የመሐከለኛው ፎስፎረስ ነው። ሚኒሶታ ሐይቆቿ በአልጌ እንዳይሞሉ ብላ በሣር ሜዳ ላይ ፎስፎረስ መጨመርን የገደበች የመጀመሪያዋ ግዛት ናት፤ ሕጉ በመንትዮቹ ከተሞች፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ አካባቢ ከ2004፣ በመላው ግዛት ከ2005 ጀምሮ ይሠራል። ለዚህ ነው የሣር ማዳበሪያው ላይ መሐሉ ዜሮ ሆኖ የምናየው።

እማማ ከረጢቱን አልጣሉትም። የቃሪያ ችግኛቸውን ሲያዛውሩ ከየጉድጓዱ ግርጌ አንድ አንድ ቁንጥር አደረጉበት፤ ያለ ዱቄት የተዉአቸው ሦስት ችግኞች ላይ ግን እንጨት ሰክተው ቀይ ክር አሰሩ። «እስኪ ልየው፣ የነገርከኝ እውነት ከሆነ» አሉኝ። በመስከረም ስንለቅም ዱቄት ያገኙት ትንሽ የበለጡ ይመስላሉ። ያለ ዱቄት ከተዉአቸው ከሦስቱ አንዷ ግን ከሁሉም በላይ አፍርታ ነበር። «ይቺስ?» አሉኝ፤ አፈሩ ውስጥ ከመጀመሪያውም ወዳጅ ነበራት ይሆናል አልኳቸው።